ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ

ነገር መጠየቅ እወዳለሁ። እናቴ «አንቺ እኮ ለቅሶ ቤት ገብተሽም ‹ለመሆኑ ምን አሞት ነበር› ሳትዪ አትወጪም» ትለኛለች፤ ሐሰት አይደለም፣ ብያለሁ። ቀበሌ የተቀጠርኩት ግን እንድጠይቅ ሳይሆን እንድመዘግብ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ ቢሮ፣ መታወቂያ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፤ ማህተሙ የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍም እኔ ጋ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬ አምስት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ይኼ ደግሞ ያንቺ ነው፤ ስለሚጮኹ ዕቃዎች ነው» አለኝ።

የማንቂያ ደወል አጠቃቀም መመሪያ ነበር። ያኔ አላርም ማስገባት ከተማውን እንደ ጉንፋን ይዞት ነበር። መጀመሪያ የቡና መጋዘኖች አስገቡ፣ ቀጥሎ ስልክ ሻጮች፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቶች፣ በመጨረሻ ማንም ባለሱቅ። ከጅማ አንድ ባለሙያ ይመጣና ጣሪያው ጥግ ላይ ነጭ ሣጥን፣ ደጅ ላይ ቀይ መብራት ያለው ሳይረን ይሰቅላል። አጠቃቀሙን ሻይ እየጠጣ ያስረዳል፣ የቀረውን ለእግዜር ትቶ በማግስቱ ይሳፈራል።

እኛ ጋ ኡኡ ከተባለ ሰው ይወጣል። ማን ነው የጮኸው ተብሎ አይጠየቅም፤ የት ነው እየተባለ ይሮጣል። የመጀመሪያው ሳይረን የጮኸ ቀን እኔም ሮጫለሁ። ዱላ የያዘ ነበር፣ ገጀራ የያዘ ነበር፣ አንዲት ሴት ወጥ የምታማስልበትን ማማሰያ እንደያዘች መጥታለች። መጋዘኑ ሲከፈት የተገኘችው ድመት ናት። ተሳሳቅንና ተመለስን። ሁለተኛው ቀን የወጣው ሰው ግማሽ ነው። በሦስተኛው ወር ሳይረን ሲጮኽ ቀና ብሎ የሚያይም ጠፋ፤ ባጃጅ ነጂዎች እንደ ዘፈን አብረውት ያንጎራጉሩ ጀመር። መመሪያው የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። ከተማው የፈራው ሌባውን ሳይሆን ሰው መሮጥ መተዉን ነበር።

ሕጉ ከባድ አልነበረም። አላርም ያለው ሁሉ ቀበሌ መጥቶ ይመዘገባል። ሳይረኑ ከሩብ ሰዓት በላይ አይጮኽም። ባለቤቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደርሰው የሚከፍቱ ሁለት ቁልፍ ያዦች ያስመዘግባል፤ ቁልፉም ከሰው ዓይን በተሰወረ ቦታ ይቀመጣል። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ያለ ምክንያት የጮኸ አላርም ይነቀላል።

እኔን የያዘኝ የሁለተኛው ቁልፍ ያዥ ነገር ነው። አንደኛውን ሁሉም «እኔ ነኛ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሰው ያመነታል። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ የሚስቱን ወንድም አጻፈ፣ ከበሩ ተመልሶ አሰረዘ። በቡና ወራት ግቢው በሠራተኛ የሚሞላ ነጋዴ፣ አንድ ስም ለማሰብ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከላይ እስከ ታች አገላበጠ። ሰው ቁልፉን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ የሚያጓጓ ነገር ነው። ለመታወቂያ ሲመጡ የማይነግሩኝን ሁሉ እዚያች መስመር ላይ አነብ ነበር።

እትዬ የመጣችው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እትዬ የምላት ዘመዴ ሆና አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያው ዳር ያለውን ሱቅ ብቻዋን ይዛዋለች። ሸራ፣ ጆንያ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ የቡና ችግኝ የሚፈላበት ላስቲክ ትሸጣለች። ቤቷ ግን ወደ አማን መንገድ ነው፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

«ሁለተኛ ቁልፍ ያዥ?» አልኳት።

በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች። «ወንድሜን ጻፊው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ቴፒ።»

«እትዬ፣ ከቴፒ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል?»

«መኪና አለው።»

«ክንፍም ቢኖረው አይደርስም።»

አልሳቀችም። «ሌላ ሰው የለኝም» አለች።

«ከጎንሽ ያሉት ልብስ ሰፊውስ?»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። «ወንድሜን ጻፊው ብዬሻለሁ።»

ጻፍኩት፤ ከጎኑም «ለጊዜው» ብዬ ጨመርኩበት። የቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እንስሳ አለ ወይ? አነበብኩላት። «የለም» አለች። የለም ብዬ ጻፍኩ፣ ማህተም መታሁበት።

ልብስ ሰፊውን ለምን እንዳነሳሁ እኔም አላውቅም፤ ታሪካቸውን እያወቅሁ ነው። የእትዬ ሱቅና የጋሼ ልብስ መስፊያ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛሉ። ጋሼ የቤንች ተወላጅ ናቸው፣ እዚያው በረንዳ ላይ በአንድ ሲንጀር ብዙ ዘመን ሰፍተዋል፤ የኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርምም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የእትዬ ሱቅ ተዘረፈ። ሌባው የገባው በጋሼ ጓሮ በኩል ነው። ፖሊስ «ማንን ትጠረጥሪያለሽ?» ሲላት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግድግዳው የሳቸው ነው» አለች። ያቺን ብቻ ነው ያለችው። ጋሼ ለጥያቄ ተወሰዱ፣ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ስማቸው ተጽፎ፣ ቀኑን ሙሉ ውለው አመሻሽ ላይ ወጡ። ወር ሳይሞላ የተሰረቁት ሸራዎች ቴፒ ሲሸጡ ተገኙ፤ ሌባው ከዚህ ሰፈር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ግድግዳ ተደግፈው ሲውሉ ጤና ይስጥልኝ ተባብለው አያውቁም።

የእትዬ ሳይረን የመጀመሪያ ጩኸቱን አንድ እሑድ ጠዋት ጮኸ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በእሑድ፣ በሚቀጥለው እሑድም እንደዚሁ። እሷ ቅዳሴ ላይ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው የተሰማ ነገር እሷ ጋ የሚደርሰው ስትመለስ በሰው ወሬ ነው። ተረኛው ሚሊሻ ይሄዳል፣ ምንም የለም፣ ማስታወሻው ላይ ጽፎ ይመለሳል። ሰኞ ሰኞ እኔ ወደ ትልቁ መዝገብ እገለብጠዋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ምክንያት፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው።

ከሦስተኛው በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መስጠት ግዴታዬ ነው። እትዬ ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዬ መጣችና ሳትቀመጥ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«ልትነቅሉብኝ ነው?»

«አንድ ጊዜ ደግሞ ከጮኸ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ከተሰረቅኩ በኋላ የት አድር እንደነበር ታውቂያለሽ? እዚያ ጆንያ ላይ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ቅዳሴ የማላስቀድስ፣ ሰው ቤት የማልሄድ፣ እንደ ዘበኛ በር በር የማይ ሆንኩ። ይኼ የሚጮኽ ነገር ነው ቤቴ የመለሰኝ። ከነቀላችሁት ተመልሼ ጆንያ ላይ ነኝ።»

ይኼን የዕቃ ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን አዘንኩ። ማዘን ደግሞ እኔን ቁጭ አያደርገኝም፣ ወደ ጥያቄ ነው የሚወስደኝ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ መዝገቡን ከፈትኩ።

ሦስቱም እሑድ ናቸው። ሦስቱም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ሌሊት አንድም ቀን አልጮኸም። በመሀል ያልጮኸበት አንድ እሑድ አለ፤ ያን ቀን ምን ነበር? ሳስበው ሳስበው ትዝ አለኝ፦ ዝናብ ነበር፣ ልብስ ሳላጥብ የዋልኩበት እሑድ። የጮኸባቸው ሦስቱ ደግሞ ልብሴን አጥቤ ያሰጣሁባቸው ናቸው። እንግዲህ የእትዬ ሌባ ፀሐይ ካልወጣ አይሰርቅም ማለት ነው።

ለባለሙያው ጅማ ደወልኩለት። «ሴንሰሩ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ነው የሚያየው። ውስጥ እንስሳ አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት በኩራት፤ «ቅጹ ላይ ተጠይቋል።» «እንግዲያው ቆርቆሮው ይሆናል» ብሎ ዘጋው። ቆርቆሮ ይንቀሳቀሳል እንዴ?

በሚቀጥለው እሑድ መዝገቡን ይዤ እኔው ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእትዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙዝ ተራ እንኳን አይታይም። ጋሼ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ለጸሎት ቤት ኮትና ክራቫት አድርገው ብቅ አሉ፤ የሳቸው ጉባኤ የሚጀምረው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሲያዩኝ ከውስጥ በርጩማ አምጥተው ሰጡኝ።

«አንቺም መጣሽ?» አሉኝ።

አንቺም ያሉት ነገር ከነከነኝ። «እርስዎ ሁልጊዜ ይመጣሉ?»

«ሲጮኽ እመጣለሁ።»

«ቁልፍ እንኳን የለዎትም። መጥተው ምን ያደርጋሉ?»

«እቆማለሁ።»

«ለምን?»

ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «መጀመሪያ የጮኸ ቀን የወጣሁት ሰው ውጪ ቆሜ እንዲያየኝ ነው። ሱቁ ሲጮኽ እኔ ቤቴ ውስጥ ከሆንኩ፣ ግድግዳው የኔ ነዋ። ከዚያ በኋላ ያው ለመድኩት። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ አንድ ቀን እውነት ሌባ ቢሆንስ? አሁን አሁን ጸሎት ቤት እያረፈድኩ ሽማግሌዎቹ ምን ነካህ ይሉኛል።»

መዝገቡ ጭኔ ላይ ነበር። ከፈትኩት። «ቀድሞ የደረሰ ሰው» በሚለው ሥር ሦስት ጊዜ የጋሼ ስም ተጽፏል፣ በኔው እጅ ጽሑፍ። ሦስት ሰኞ ገልብጬዋለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩትም። አፈርኩ። ሰው የማይጠየቀውን ሁሉ የምጠይቅ፣ ፊቴ የተቀመጠውን ሳላይ ቀርቻለሁ።

ጉሙ እየሳሳ ሄደ፤ ወዲያው የጠዋቷ ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ አረፈች። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። «አሁን ትነሳለች» አሉ።

«ማን?»

ሳይመልሱልኝ ሳይረኑ ጮኸ። በአጠገብ ሲሆን ጥርስ ውስጥ ይገባል። ጋሼ በሩ ፊት ሄደው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እንዲያያቸው። እኔ በመዝጊያው ስንጥቅ ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። ጣሪያው ላይ አንድ ቦታ ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ ቆርቆሮ አለ። ፀሐይዋ በሱ በኩል ወርዳ ጆንያ ክምር ላይ አርፋለች፤ ከብርሃኑ መሀል አንዲት ቀይ ዶሮ፣ እግሯ በቃጫ እንደታሰረ፣ ክንፏን እያራገበች ትዘላለች።

ሳይረኑ ራሱን እስኪያጠፋ ጠብቄ «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ግድግዳው ስስ ነው። ጨለማ እስከሆነ ትተኛለች፣ በጣሪያው ብርሃን ሲገባላት ትነሳለች።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ከሷ ጋር ካወራሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሚሊሻው ስሜን ጽፎ ይሄዳል።» ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ ሰው ነግሯት፣ ነጠላዋን መስቀልኛ እንዳጣፋች ከላይ እየሮጠች ስትመጣ ያዩዋት ያን ጊዜ ነው። ባጃጅ አስቁመው ሄዱ።

እትዬ ትንፋሿ ሳይመለስ በሩን ከፈተች። ዶሮዋን አሳየኋት።

«እትዬ፣ እንስሳ የለም ብለሽ አስመዝግበሻል።»

«የለኝም።»

«ይቺስ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «እሷማ የኔ አይደለችም። የሰው አደራ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋ ቤንች በኩል ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ሴቶች ሳይሸጥ የቀረባቸውን ይዘው ዳገት አይመለሱም፤ ለሚያምኗት ባለሱቅ አደራ ይሰጣሉ። ኮረሪማ፣ ሙዝ፣ ጎደሬ፣ አንዳንዴም ዶሮ። እትዬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዶሮዋን ለሚፈልግ ትሸጥላቸዋለች፣ ካልተሸጠች ትቀልብላቸዋለች። የሰው አደራ ደግሞ ከራስ ዕቃ ጋር አይቆጠርም፤ ቀበሌ ቢጠይቅም፣ ማንም ቢጠይቅ፣ «የኔ» ተብሎ አይነገርም። ሐቀኛ ሴት ስለሆነች ነው የለም ያለችኝ።

«ደግሞም» አለች፣ «ያ የጅማው ሰውዬ የሌባ ማሽን ነው ነው ያለኝ። ዶሮ ምን ቤት ናት?»

ሳቄ መጣብኝ፣ ግን መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። ሳልስቅ ዘረጋሁላት፣ የመጨረሻውን ዓምድ በጣቴ እያሳየሁ። ማንበብ ትችላለች፤ አንደኛውን አነበበች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም። አሁን ነው የሄዱት።»

«ምን ሊያደርጉ ነው የሚመጡት?»

መንገር አልነበረብኝ ይሆናል። ነገርኳት፦ ሰው ውጪ ቆመው እንዲያያቸው ብለው እንደጀመሩት፣ በኋላ ግን ብቻዋን ናት ብለው እንደቀጠሉ። እትዬ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ዶሮዋን ወደ ጭኗ ስባ የታሰረችበትን ቃጫ ትፈታ ጀመር።

«ሌባው የተያዘ ቀን መሄድ ነበረብኝ» አለች። «በማግስቱ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ አፈርኩ። ከዚያ ያፈርኩበት ራሱ ሌላ የሚያሳፍር ሆነ።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ጠራችኝ። ቅጹን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። እትዬ ማሽኑ ፊት ቆመች፤ በጨርቅ የጠቀለለችው ነገር እጇ ላይ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «በድዬዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ይያዙልኝ።»

ማሽኑ ቆመ። ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፣ ሱሪውን አጥፈው አስቀመጡት።

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱ በቃል ይሆናል» አሉ። «ቁልፉ ግን በቃል አይሆንም። ይጻፍ።»

«ይጻፍ እንጂ፣ ቅጹም…» ስል አቋረጡኝ።

«ስሜ ከዚህ ሱቅ ጋር አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሌላ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ፣ እሱ ብቻውን ይቀራል።»

እትዬ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ የወንድሟን ስም ሰረዝኩ፣ «ለጊዜው» የምትለዋንም ጭምር፤ በጥሩ እጅ ጽሑፌ የጋሼን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጻፍኩ። ሥራ፦ ልብስ ሰፊ። ኃላፊነት፦ ደወሉ ሲጮኽ ቀድሞ ደርሶ የሚከፍት። እሳቸው አንድ ቅጂ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ቢሮ ተመልሼ አባዝቼ ማህተም መታሁበት።

የአራተኛው ጩኸት ነገር ቀረ። ኃላፊዬ መዝገቡን አይቶ ምክንያት በሚለው ሥር የጻፍኩትን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የአደራ ዶሮ።»

«ይኼ ምክንያት ነው?» አለኝ።

«መመሪያው ያለ ምክንያት የጮኸ ነው የሚለው። የዚህ ምክንያቱ ተገኝቷል፣ እግሯም ታስሯል።»

እየሳቀ ፈረመ። እኔም የቅጹ መጨረሻ ላይ፣ እንስሳ አለ ወይ ከሚለው ቀጥዬ፣ «የአደራም ቢሆን» የሚል በእስክሪብቶ ጨመርኩ። እስከዛሬ እየጨመርኩ ነው፤ ስንት ቤት ስንት የማይቆጠር ነገር እንዳለ በሱ አወቅሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀሚስ ላሳጥር ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቀን ሙሉ ፀሐይ ቢወጣም የእትዬ ሳይረን ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም። ሸዋ ቤንቾቹ ዶሮ አደራ ሲሰጧት ዶሮዋ ቅዳሜ ማታ ወደ ጋሼ ጓሮ ትሻገራለች፤ ገቢውም ወጪውም በእትዬ በኩል ነው፣ ማደሪያው ብቻ ነው የተቀየረው።

ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ የንግድ ፈቃዳቸው በመስታወት ተሰቅሏል። ከጎኑ ሌላ መስታወት አየሁ። የኔ ቅጽ ነው፣ ማህተሙ ወደ ውጪ የሚታይ፤ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። ከሥሩ አንዲት ሚስማር ተመትታለች፣ የእትዬ ሱቅ ቁልፍ በቀይ ክር ታስሮ እሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

የመመሪያው አስከባሪ እኔ ነኝ። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሕጉ ቁልፉ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ይቀመጥ ነው የሚለው።»

እግራቸው ከማሽኑ መርገጫ ላይ አልተነሳም።

«እኔ የሰው ዕቃ ደብቄ አላውቅም» አሉ።